ከባንክራፕሲ በኋላ የቤትዎ ሞርጌጅ ምን ይሆናል? ደረጃ በደረጃ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው ታክሲ ነጂ ወንድማችን ነው። ድምፁ ውስጥ ደስታ ይሰማል። «ከፍርድ ቤት የዲስቻርጅ ደብዳቤ መጣልኝ። ዕዳዬ በሙሉ ተሰረዘ» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ቀጥሎ ያለው ግን አስደነገጠኝ። «የቤቱንም መክፈል አቁሜያለሁ። ሁለት ወር ሆነኝ።»

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ላሉት ነው። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ የነበረኝ ትንሽ ሱቅ ሲከስር በፍርድ ቤት ዕዳን የሚሰርዘውን ቻፕተር 7 የተባለ ባንክራፕሲ ፋይል አድርጌ፣ ቤቴን ግን ይዤ ወጥቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ትልቅ ውሳኔ ከመወሰንዎ በፊት ባንክራፕሲ የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ። ወደ ጠበቃው ሲሄዱ ግን ምን እንደሚጠይቁ አውቀው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ።

የምናገረው ሁሉ ስለ አሜሪካ ነው። ባንክራፕሲ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ ከሲያትል እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ መሠረቱ አንድ ነው። በየስቴቱ የሚለያየውን ስንደርስበት እነግርዎታለሁ።

ደረጃ 1፦ የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ አውጥተው ያንብቡ

ብዙ ሰው ደብዳቤውን ለሰው ያስነብብና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። አውጡት። ሦስት ነገር ይፈልጉበት።

መጀመሪያ ቻፕተሩን ይዩ። 7 ነው ወይስ 13? 7 ዕዳን የሚሰርዘው ነው፤ 13 ግን ዕዳው በፍርድ ቤት ፕላን ለዓመታት እየተከፈለ የሚያልቅበት ነው። በሞርጌጅ፣ ማለትም በቤት ብድሩ፣ ላይ የሚያመጡት ውጤት በጣም ይለያያል።

ቀጥሎ «ዲስቻርጅ» የሚለውን ቃል ያግኙ። «ዲስሚስድ» የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዲስሚስድ ማለት ፋይሉ ተዘግቶ ዕዳው እንዳለ ቀረ ማለት ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ያለ ዲስቻርጅ የተዘጋ ፋይል። ይህ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ትምህርት በረሱ ሰዎች ላይ ነው። ሕጉ ሁለት አጫጭር ትምህርቶችን ይጠይቃል፤ አንዱ ፋይል ከማድረግ በፊት፣ ሌላው በኋላ። የሁለተኛው ሰርተፊኬት ፍርድ ቤት ካልደረሰ ዲስቻርጅ የለም። እንዲህ ከሆነብዎ ፋይሉ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ጠበቃ ያነጋግሩ።

በመጨረሻ ፋይል ያደረጉበትን ቀን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ቀን በፊት የመጣ ዕዳና ከዚያ በኋላ የመጣ ዕዳ አንድ አይደሉም። ይህ ቀን ከታች ደጋግሞ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ወረቀቶች ይለዩ

የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። ሌላውን ቢረሱ ይህን አይርሱ።

ቤቱን በገዙ ቀን ክሎዚንግ ላይ እጅዎ እስኪዝል ፈርመዋል። ከዚያ ሁሉ ክምር ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ፕሮሚሰሪ ኖት ይባላል። «ይህን ያህል ተበድሬያለሁ፣ እከፍላለሁ» ብለው የገቡት የግል ቃል ነው። ሁለተኛው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ዲድ ኦፍ ትረስት ይባላል። «ካልከፈልኩ ቤቱን ውሰዱ» ያሉበት መያዣ ነው። ይህኛው በመንግሥት የመሬት መዝገብ ውስጥ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

የቻፕተር 7 ዲስቻርጅ የሚያነሳልዎ የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን አይነካም።

በአገር ቤት ነገር ላስረዳ። የእናትዎን ወርቅ አስይዘው ከጎረቤት ገንዘብ ተበደሩ እንበል። መክፈል አቃተዎት። ሽማግሌዎች ገብተው አበዳሪውን «ከእንግዲህ በራቸውን እንዳታንኳኳ፣ ደሞዛቸውንም እንዳትነካ» አሉት። እሺ አለ። ወርቁ ግን አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ገንዘቡን እስኪያገኝ አይመልስልዎትም። የባንክራፕሲ ዳኛም እንደዚያ ሽማግሌ ነው። ባንኩን ከእርስዎ ላይ ያነሳዋል፤ ከቤቱ ላይ አያነሳውም።

በቁጥር እንየው። 380,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ቤት ፎርክሎዠር ሆኖ፣ ማለትም ባንኩ ለዕዳው ወስዶት፣ በ340,000 ተሸጠ። 40,000 ጎደለ። ባንክራፕሲ ባያደርጉ ኖሮ ባንኩ በብዙ ስቴቶች ያንን 40,000 ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ፣ ዕዳውን እንደገና በፊርማ ካልተቀበሉ በስተቀር፣ ሊጠይቅዎ አይችልም። ቢደውል፣ ቢከስ፣ ደብዳቤ ቢልክ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሷል። ቤቱን ግን ይወስዳል።

ስለዚህ ለዚያ ወንድማችን የነገርኩት ይህን ነው፦ ከከፈልክ ትኖርበታለህ። ካልከፈልክ ቤቱን ይወስዱብሃል እንጂ ለዕዳው አያሳድዱህም።

ቻፕተር 13 ከሆኑ ይህ ነፃነት እንደዚያው አይደለም። ወደ 30 ዓመት የሚሄደው ሞርጌጅ በቻፕተር 13 አብዛኛውን ጊዜ አይሰረዝም። ያጠራቀሙት ውዝፍ በ3 ወይም በ5 ዓመት ተከፍሎ ያልቃል፤ የየወሩ ክፍያ ግን ከነግል ኃላፊነቱ ይቀጥላል።

ደረጃ 3፦ ቤቱ ይያዝ ወይስ ይቅር? ሒሳቡን ይሥሩ

ወረቀት ይውሰዱ። ቤቱ ዛሬ ስንት ያወጣል? ስንት ዕዳ አለበት? በወር ስንት ይከፍላሉ? በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት ኪራዩ ስንት ነው? የክሬዲት ካርዱና የሜዲካል ቢሉ ዕዳ ከተነሳ በኋላ ወርሃዊ ክፍያውን ያለ ሁለተኛ ሥራ መወጣት ይችላሉ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው በሐቅ ይመልሱት። ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይቀይሩ ሲሉ ብቻ የማይቻል ክፍያ ተሸክመው ጤናቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ገና ፋይል ካላደረጉ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። ኢኩዊቲ ማለት ከቤቱ ዋጋ ላይ ዕዳው ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። በቻፕተር 7 ትረስቲው፣ ማለትም ፋይልዎን እንዲከታተል የተሾመው ሰው፣ ቤቱን ሸጦ ያንን ትርፍ ለአበዳሪዎች ማካፈል ይችላል። የሚያድንዎ ሆምስቴድ ኤግዘምፕሽን የሚባለው ጥበቃ ነው። መጠኑ በየስቴቱ ይለያያል። በፌዴራሉ ዝርዝር ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው 31,575 ዶላር ነው። ሜሪላንድም ይህንኑ ቁጥር ይከተላል። ዲሲ ውስጥ ለሚኖሩበት ቤት ጣሪያ የለውም። ቴክሳስ ደግሞ የሚገድበው የመሬቱን ስፋት ነው፤ የቤቱን ዋጋ አይደለም፤ ቤቱን በቅርብ ዓመታት ለገዛ ሰው ግን የፌዴራል ሕግ የራሱን ጣሪያ ያስቀምጣል። የቤት ዋጋ በጣም በጨመረባቸው ሰፈሮች ያለ ሰው ኢኩዊቲውን ሳይቆጥር ቻፕተር 7 ፋይል ማድረግ የለበትም። ብዙ ኢኩዊቲ ካለዎ ጠበቃዎ ወደ ቻፕተር 13 ሊመራዎ ይችላል።

ፋይልዎ ተዘግቶ ካለቀና ቤቱን በዝርዝሩ ውስጥ በትክክል አስመዝግበው ከነበረ፣ ትረስቲውም ሳይሸጠው ከቀረ፣ ቤቱ ለእርስዎ ተመልሷል።

ደረጃ 4፦ ሪአፈርሜሽን ከመፈረምዎ በፊት ቆም ይበሉ

በቻፕተር 7 ውስጥ እያሉ ባንኩ አንድ ወረቀት ሊልክልዎ ይችላል። ሪአፈርሜሽን አግሪመንት ይባላል። ትርጉሙ «ባንክራፕሲ ያደረግሁ ቢሆንም ይህን ዕዳ በግሌ እንደገና ተቀብያለሁ» ነው። ከፈረሙ በኋላ ቤቱ ቢወሰድና ገንዘብ ቢጎድል ጎደሎው እንደገና የእርስዎ ዕዳ ይሆናል። ሽማግሌው ያስቆመውን ሰው በገዛ እጅዎ ወደ በርዎ መልሰው ጠሩት ማለት ነው።

እኔ አልፈረምኩም። ጠበቃዬ በአንድ ቃል «ለቤት አያስፈልግም» አለኝ። አሁንም ከብዙ ሰው ታሪክ የምረዳው ይህንኑ ነው። ክፍያውን በሰዓቱ እየከፈሉ ያለ ሪአፈርሜሽን ቤታቸው ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ናቸው። ሕጉም ባንኩ በሚኖሩበት ቤት ላይ በፎርክሎዠር ፋንታ ወርሃዊ ክፍያ እየተቀበለ እንዲቀጥል ይፈቅድለታል።

መፈረም ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ባንኩ የወለድ መጠን የሚቀንስልዎ ከሆነ፣ ወይም ውዝፉን የሚያስተካክል እውነተኛ ቅናሽ በጽሑፍ ካቀረበ ጠበቃዎ ጋር ተመካከሩበት። በነፃ ግን ቃልዎን አይስጡ።

ፈርመው ከተጸጸቱ መውጫ አለ። ዲስቻርጁ እስኪሰጥ ድረስ፣ ወይም ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከገባ በ60 ቀን ውስጥ፣ ከሁለቱ በዘገየው ቀን ድረስ በጽሑፍ ማፍረስ ይችላሉ። ስምምነቱ መደረግ ያለበት ከዲስቻርጅ በፊት ነው። ከዲስቻርጅ በኋላ «አሁን ፈርም» የሚልዎ ካለ ጠበቃ ሳያዩ ምንም አይፈርሙ።

ደረጃ 5፦ ክፍያውን በማስረጃ ይክፈሉ

አሁን ዲስቻርጅዎን ይዘዋል፤ ቤቱን ለማቆየት ወስነዋል። እዚህ ላይ ነው ትንንሽ ነገሮች ሰውን የሚጥሉት።

ባንክራፕሲ ፋይል ሲያደርጉ ክፍያዎን የሚቀበለው ኩባንያ፣ ማለትም ሰርቪሰሩ፣ አውቶፔይዎን ሊያቆም ይችላል። ኦንላይን አካውንትዎንም ሊዘጋው ይችላል። በየወሩ የሚመጣው ስቴትመንትም ሊቀር ወይም መልኩ ሊቀየር ይችላል። «ይህ የተላከው ዕዳ ለመጠየቅ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ስቴትመንት ቢመጣ አይደናገሩ። ኩባንያው የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ላለመጣስ የሚጽፈው ነው። «ነፃ ነህ» የሚል ማስታወቂያ አይደለም።

የእኔን ላውጋዎ። ስቴትመንቱ ቀረ። እኔም ከባንኬ በየወሩ ያንኑ የድሮ መጠን እልክ ነበር። የቤቱ ታክስ ጨምሮ ኤስክሮው፣ ማለትም ለታክስና ለኢንሹራንስ ከክፍያው ጋር የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ከፍ ብሎ ኖሯል። በወር የምልከው በ112 ዶላር ያንስ ነበር። ሰርቪሰሩ ጎደሎ ክፍያዬን ሳይመልስ፣ በሞርጌጁም ላይ ሳያውል ሰስፔንስ በሚባል አካውንት ውስጥ አስቀመጠው። በአራተኛው ወር የፎርክሎዠር ማስጠንቀቂያ መጣ። አንድም ወር ሳልከፍል አላለፍኩም እኮ! ነገሩን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብኝ። እርስዎ እንዳይደርስብዎ እነዚህን ያድርጉ።

ለሰርቪሰሩ ደብዳቤ ይጻፉ። ስምዎን፣ የቤቱን አድራሻና የሎን ቁጥሩን ያስገቡ። ወርሃዊ ስቴትመንት በፖስታ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ባንክራፕሲ ያደረገ ሰው በጽሑፍ ከጠየቀ የመላክ ግዴታ አለባቸው። መጨረሻ ላይ «ይህ ደብዳቤ ዕዳውን በግሌ እንደገና መቀበል አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። በሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ክፍያውን ከራስዎ ባንክ ቢል ፔይ ይላኩ ወይም በቼክ ይክፈሉ። ካሽና መኒ ኦርደር አይምረጡ። ለምን? ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው «አሳየን» ሲልዎ የባንክ ስቴትመንት ይናገርልዎታል።

በዓመት አንዴ የኤስክሮው ትንታኔ ይመጣል። ያንን ወረቀት ሳይከፍቱ አይጣሉ። የቤት ኢንሹራንስዎና ታክስዎ የተከፈለው ስንት እንደሆነ፣ አዲሱ ወርሃዊ ክፍያ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር እዚያ ተጽፏል። ኢንሹራንሱ ቢቋረጥ ሰርቪሰሩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ክፍያዎ ላይ ይጭንብዎታል።

ሎኑ ለሌላ ሰርቪሰር ከተሸጠ ደግሞ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብሎ ደብዳቤ ሊደርስዎ ይገባል። በስህተት ለድሮው ኩባንያ ቢልኩ ለ60 ቀን እንደ ዘገየ አይቆጠርብዎም። የቆየውን የክፍያ ታሪክ ሎኑ ከመሄዱ በፊት ይጠይቁ። ሎን ሲዘዋወር ወረቀት ይጠፋል።

ስህተት ካገኙ በስልክ አይሟገቱ። ስልክ ማስረጃ የለውም። የስህተት ማሳወቂያ ብለው በጽሑፍ ይላኩ፤ በ5 የሥራ ቀን ደረሰን ማለት፣ በአብዛኛው በ30 የሥራ ቀን መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ካልመለሱ ሲኤፍፒቢ ለሚባለው የፌዴራል ቢሮ አቤት ይበሉ። አቤቱታው ኦንላይን ይሞላል፤ ነፃ ነው።

ደረጃ 6፦ ክሬዲት ሪፖርትዎን ያጽዱ

ሦስቱን ክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩፋክስን፣ ኤክስፒሪያንንና ትራንስዩኒየንን፣ ከአንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። ዲስቻርጅ ካገኙ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመልከቱ።

ሞርጌጁ በባንክራፕሲ ዲስቻርጅ እንደሆነና ቀሪ ዕዳው ዜሮ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ፋይል ካደረጉበት ቀን በኋላ «ዘግይቷል» የሚል ካለ ስህተት ነው፤ ይከራከሩ። ቻፕተር 7 ለ10 ዓመት ሪፖርቱ ላይ ይቆያል። ቻፕተር 13 አብዛኛውን ጊዜ በ7 ዓመት ይወጣል።

አሁን የሚያናድደው ነገር። ሪአፈርሜሽን ካልፈረሙ በየወሩ በሰዓቱ መክፈልዎ ክሬዲትዎ ላይ ላይጻፍልዎ ይችላል። ሰው ይሄን ሲሰማ «ምነው በፈረምኩ» ይላል። አይጸጸቱ። ክሬዲት በሌላ መንገድ ይሠራል። ገንዘብ አስይዘው የሚያገኙትን አንድ ሴኪዩርድ ካርድ ወስደው በየወሩ ሙሉውን መክፈል በቂ ጅማሬ ነው። ሪፋይናንስ ለማድረግ፣ ማለትም ሎኑን በአዲስ ሎን ለመተካት፣ ሲሄዱ ደግሞ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንትና ከሰርቪሰሩ የወሰዱትን የክፍያ ታሪክ ያቅርቡ። አበዳሪው የከፈሉትን በዚያ ያያል።

አዲስ የቤት ሎን ለማግኘት መጠበቅ ያለብዎ ጊዜ እንዲህ ነው። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የኤፍ ኤች ኤ ሎንና ለወታደሮች የሚሰጠው የቪኤ ሎን ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ 2 ዓመት በኋላ ይሰጣሉ። ፋኒ ሜይ የተባለው ድርጅት ከአበዳሪዎች የሚገዛው ኮንቬንሽናል (መንግሥት ዋስ ያልሆነበት) ሎን 4 ዓመት ይጠይቃል። ከቻፕተር 13 ዲስቻርጅ በኋላ ኮንቬንሽናሉ 2 ዓመት ነው፤ ፋይሉ ዲስሚስድ ከሆነ ግን 4። ኤፍ ኤች ኤ ቻፕተር 13 ውስጥ እያሉም 12 ወር በሰዓቱ ከከፈሉና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደ ሊቀበልዎ ይችላል።

ቤቱን ላጡ ሰዎች አንድ መልካም ነገር ልንገር። ፎርክሎዠር ለፋኒ ሜይ 7 ዓመት ያስጠብቃል። ነገር ግን ሞርጌጁ በባንክራፕሲው ውስጥ ዲስቻርጅ ተደርጎ ከነበረና ይህንን በወረቀት ካሳዩ የሚቆጠረው የባንክራፕሲው 4 ዓመት ነው። ብዙ የሎን ኦፊሰር ይህን አያነሳልዎም። ራስዎ ያንሱት፤ ዲስቻርጁንና የዕዳ ዝርዝሩን ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ ክፍያ ካመለጠዎ ቶሎ ይንቀሳቀሱ

ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። በፌዴራል ሕግ ሰርቪሰሩ በአብዛኛው ከ120 ቀን በላይ ሳይዘገዩ ፎርክሎዠር መጀመር አይችልም። ያ አራት ወር የእርስዎ ጊዜ ነው። በዚያ ውስጥ ሎስ ሚቲጌሽን የሚባለውን፣ ቤቱን ለማዳን የክፍያ ማስተካከያ የሚጠየቅበትን ማመልከቻ ሞልተው ከነማስረጃው ያስገቡ። የደሞዝ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ታክስ ሪተርን፣ ችግሩን የሚያስረዳ ደብዳቤ ይጠይቁዎታል። የተሟላ ማመልከቻ ከሽያጩ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ ውሳኔ ሳይሰጡ ቤቱን መሸጥ አይችሉም።

«ባንክራፕሲ ስላደረግክ ሞዲፊኬሽን (የሎን ውል ማሻሻያ) አይሰጥህም» ወይም «መጀመሪያ ሪአፈርም ማድረግ ነበረብህ» ቢሉዎ አይቀበሉ። ሕጉ እንዲህ አይልም። በጽሑፍ ስጡኝ ይበሉ።

ሌላ በርም አለ። ቻፕተር 7 ጨርሰው ውዝፍ ከተጠራቀመብዎ ቻፕተር 13 ፋይል አድርገው ውዝፉን እስከ 5 ዓመት ማከፋፈል ይቻላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 በጆንሰንና በሆም ስቴት ባንክ ክርክር ይህን መንገድ ፈቅዷል። ከቻፕተር 7ቱ 4 ዓመት ሳይሞላ ቢያደርጉት ሁለተኛ ዲስቻርጅ አያገኙም። ዓላማዎ ግን ቤቱን ማዳን ስለሆነ ላያስፈልግዎ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ቤቱን ከለቀቁ ታይትሉን (የባለቤትነት ስሙን) ይከታተሉ

ቁልፍ አስረክቦ መውጣት ከባለቤትነት አያወጣም። ፎርክሎዠሩ እስኪፈጸም ወይም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ቤቱ በእርስዎ ስም ነው። ባንኩ ዓመት ሁለት ዓመት ሊያዘገየው ይችላል።

የዚህ ትልቁ መዘዝ የኮንዶና የኤች ኦ ኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያ ነው። ፋይል ካደረጉበት ቀን በፊት የነበረው ይሰረዝልዎታል። ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ግን ቤቱ በስምዎ እስካለ ድረስ በየወሩ የእርስዎ ነው። ባይኖሩበትም ይከስሱዎታል፤ ደሞዝ ያስይዙብዎታል። ስለዚህ ኮንዶ ያለው ሰው ቶሎ ከመውጣት ይልቅ እስኪሸጥ ድረስ እዚያው እየኖረ ክፍያውን ቢከፍል ይሻለዋል። በሾርት ሴል፣ ማለትም ባንኩ ፈቅዶ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ፣ መሸጥ ወይም ዲድ ኢን ሊው በሚባለው መንገድ ቤቱን ለባንኩ በፈቃድ ማስረከብም ታይትሉን ቶሎ ከስምዎ ያወጣል። ኢንሹራንሱን አያቋርጡ። በረዶ ላይ ተንሸራትቶ የወደቀ ሰው የሚከሰው ባለቤቱን ነው።

በኋላ ባንኩ 1099-ሲ የሚባል የታክስ ፎርም ቢልክልዎ አይደንግጡ። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ አይታክስም። የታክስ ሠራተኛዎ ፎርም 982 እንዲሞላልዎ ይንገሩት።

ቻፕተር 13 ላይ ላሉ

ሞርጌጁን ራስዎ ነው የሚከፍሉት ወይስ ትረስቲው? እንደየፍርድ ቤቱ ይለያያልና ይወቁ። በሚኖሩበት ቤት ላይ ክፍያው ሲቀየር ሰርቪሰሩ ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ በፍርድ ቤት በኩል ማሳወቅ አለበት። ፕላኑ ሲያልቅ ሰርቪሰሩ «ውዝፉ ተከፍሏል፣ ሌላውም ወቅታዊ ነው» ብሎ እንዲያረጋግጥ ወይም እንዲቃወም የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። ያቺን ወረቀት እንደ ልደት ሰርተፊኬት ያስቀምጧት።

ሁለተኛ ሞርጌጅ ወይም ሆም ኢኩዊቲ ላይን ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በቻፕተር 7 ሁለተኛውም መያዣ አይነሳም። ለዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ቤቱ ዋጋ ሲጨምር ብቅ የሚል ኩባንያ አለ። በቻፕተር 13 ግን ቤቱ ከመጀመሪያው ሞርጌጅ ያነሰ ዋጋ ካለው ሁለተኛውን ከቤቱ ላይ ማስነሳት ይቻላል።

የእኛ ሰው የሚቸገርባቸው ነገሮች

ይህን ክፍል በትንሽ ፊደል አልጽፈውም፤ ምክንያቱም ቤተሰብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም። ሕጉ ንብረትዎ የትም አገር ቢሆን ይመዝገብ ይላል። የአባት ቤት ድርሻም፣ የወረሱት መሬትም ይጨመራል። «ማን ያውቃል» ብሎ መደበቅ ዲስቻርጁን ሊያሳጣ፣ እስከ 5 ዓመት እስር ሊያስከትልም ይችላል። ረስተው ከሆነ ዛሬውኑ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ራስ አርሞ መገኘትና ተደርሶበት መገኘት በጣም ይለያያሉ።

እቁብ። እቁቡን ወስደው ገና የሚከፍሉት ከቀረ እቁቡ አበዳሪዎ ነው፤ ይጻፋል። ገና ካልወሰዱ የጣሉት ገንዘብ ንብረትዎ ነው፤ እሱም ይጻፋል።

ለዘመድ መመለስ። ፋይል ከማድረግዎ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለወንድምዎ 5,000 ዶላር ብድር ከመለሱ ትረስቲው ገንዘቡን ከወንድምዎ ሊያስመልስ ይችላል። ቤቱን በእህት ስም ማዛወር ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ቤቱንም ዲስቻርጁንም ሊያሳጣ ይችላል።

ኮሳይን ያደረገልዎ ሰው። የእርስዎ ቻፕተር 7 የሚያነሳው የእርስዎን ዕዳ ብቻ ነው። አብሮዎ የፈረመው የአጎትዎ ልጅ ኃላፊነቱ እንዳለ ይቆያል። ቤቱን ለመልቀቅ ካሰቡ ከባንኩ ከመስማቱ በፊት እርስዎ ይንገሩት። በቻፕተር 13 ለኮሳይነሩም የተወሰነ ከለላ አለ፤ ጠበቃዎን ይጠይቁ።

ቋንቋ። ፋይል ካደረጉ በኋላ ትረስቲው የሚጠይቅዎ ስብሰባ ላይ ነፃ አስተርጓሚ ይሰጣል። የአማርኛ እፈልጋለሁ ብለው በጠበቃዎ በኩል ቀድመው ያስመዝግቡ። ልጅዎን አያስተርጉሙ። የ14 ዓመት ልጅ የቤተሰቡን ዕዳ በአፉ መናገር የለበትም።

ሞርጌጁ ካስቸገረዎ መንግሥት ያጸደቃቸው የቤት አማካሪዎች አሉ። በ800-569-4287 ደውለው በአካባቢዎ ያለውን ይጠይቁ። ከፎርክሎዠር አድንሃለሁ ብሎ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ አማርኛ ቢናገርም፣ ቤትዎ አይግባ።

ወንድማችን በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደብዳቤዎቹን በላስቲክ ይዞ መጣ። መክፈል ካቆመ ገና 60 ቀኑ ነበር። ሰኞ ለአማካሪው ደወልን፤ በሁለት ሳምንት ማመልከቻው ተሟልቶ ገባ። ሁለቱ ያመለጡት ወራት ወደ ሎኑ መጨረሻ ተገፉለት። አሁን በየወሩ በ1ኛው ቀን ከፍሎ የባንኩን ማረጋገጫ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ለእኔም ይልክልኛል።